ጓሮው ለምን አላስደሰተኝም? ለአንድ ጡረተኛ ጠያቂ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

«ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር እኖራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከቤቴ ጀርባ 40 ካሬ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለኝ። አትክልት መትከል ጭንቀት ያስወግዳል፣ ደም ግፊት ያወርዳል፣ የአስቤዛ ወጪም ይቀንሳል ሲሉኝ ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። በጥር የተከልሁት ደረቀ፤ በሐምሌ የተከልሁት ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በሰበሰ። ከመደሰት ይልቅ ተናድጄ ተውሁት። አሸዋ አስጭኜ እንደገና ልጀምር ወይስ ይህ የሚወራው ደስታ እንዲያው ወሬ ነው? የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ጓሮው እየቆየ መድኃኒቱን ሊያስተወኝ ይችላል?»

መድኃኒቱን አያቁሙ፤ አሸዋውንም አያስጭኑ። እነዚህን ሁለቱን ያስቀደምሁት ከተደረጉ በኋላ ለመመለስ ስለሚያስቸግሩ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ መቆፈር፣ መኮትኮትና ውሃ ማመላለስ ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ እንቅስቃሴም ደም ግፊትን ለመቆጣጠር እንደሚረዳ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መርዳት ሌላ፣ መድኃኒትን መተካት ሌላ ነው። የግፊትዎ ልክ ቢሻሻል እንኳ የመድኃኒቱን መጠን የሚቀንሰው ወይም የሚያስቆመው ልኬቱን ሲከታተል የቆየው ሐኪምዎ ብቻ ነው፤ ጎረቤትዎም፣ በአትክልት ሙያ የምኖር እኔም ይህን የማለት ሥልጣን የለንም።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ደስታው ወሬ አይደለም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ ጥናት፣ አነስተኛ የአትክልት ቦታ ያላቸው 30 ሰዎች በመጀመሪያ አእምሮን የሚያስጨንቅ ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ፤ ከዚያም ከፊሎቹ ለ30 ደቂቃ በአትክልት ቦታቸው ሲሠሩ፣ ከፊሎቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሲያነቡ ቆዩ። ኮርቲሶል የተባለው ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ አትክልት ላይ በቆዩት ግን ይበልጥ ቀነሰ፤ የተረበሸው ስሜታቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ብዙዎች ጥናቱን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚጠቅሱት። እኔ ግን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ተሳታፊዎቹ ቀድሞም አትክልት ሲያለሙ የኖሩ፣ ቦታቸውን የሚያውቁና የለመዱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱ የተላመዱት ጓሮ እንደሚያረጋጋ ያሳያል እንጂ፣ መቆፈሪያ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥቁር አፈር ጋር የሚታገል ሰው በዚያው ቀን እፎይ ይላል አይልም። የእርስዎ ንዴት ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም የሚጠበቅ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ በየቡናው የሚነገር ሌላ ነገር ላርም። «አፈር ውስጥ ደስታ የሚሰጥ ባክቴሪያ አለ፤ አፈር የነካ ሰው ድብርት አይዘውም» ይባላል። የዚህ ወሬ መነሻ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ ነው፤ ባክቴሪያውም በሙቀት ተገድሎ በመርፌ የተሰጣቸው እንጂ በመቆፈር ያገኙት አልነበረም። ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ጓሮ ውስጥ እጁን አፈር ያስነካ ሰው ይድናል ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም የምግብ ፍላጎት መጥፋት ሳምንታትን ካስቆጠረ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል፤ ጓሮው ከሕክምናው ጎን ሊቆም ይችላል፣ በሕክምናው ፈንታ ግን አይቆምም።

ታዲያ እርካታው ከወዴት ይመጣል? በሥራዬ ብዙ ጓሮ አይቻለሁ። ሰፊ ቦታ በአንድ ቅዳሜ አስቆፍረው፣ ስምንት ዓይነት ዘር ዘርተው፣ በሦስተኛው ወር አረም አሸንፏቸው በሩን የዘጉት ቁጥራቸው ብዙ ነው። ሁለት ትንንሽ መደብ ብቻ ይዘው የቀጠሉት ግን ዓመት ከዓመት ይገኛሉ፤ ማለዳ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወጥተው መደባቸውን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ጓሮ የሚያስደስተው በየቀኑ ሲታይ ነው፤ በየቀኑ ለማየት ደግሞ መጠኑ በአንድ ዙር ጉብኝት የሚያልቅ መሆን አለበት። ትናንት ያልነበረ ቡቃያ ዛሬ ሲወጣ የሚያስተውል ሰው፣ በቅጠል ጀርባ ያለውን ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ሳይበዛ የሚደርስበት ሰው፣ ነገ የሚያየው ነገር አለው። በተለይ ጡረታ ለወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት እየጠበቀ ከቤት ሲወጣ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ማለዳ ምንም የማይጠብቀው ሆኖ ሲነቃ የሚሰማውን ባዶነት እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ጎመን ይጠብቃል። ሰዓት ቢያሳልፉበት ይጠወልጋል፤ ቢመለሱለት ደግሞ ይቅር ብሎ ቀና ይላል።

የሽንኩርት ቡቃያ ሲወጣ አይተው ያውቃሉ? ከአፈር የሚወጣው ጎብጦ ነው። ወገቡን አስቀድሞ እንደ ቀለበት ተጣጥፎ ብቅ ይላል፤ ከቀናት በኋላ ጫፉን ከአፈር ነቅሎ ቀጥ ሲል፣ ጥቁሯ የዘሩ ቅርፊት ራሱ ላይ እንደ ቆብ ቀርታ ትታያለች። ይህ የሚታየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ጓሮ የሚወጣ ሰው ያመልጠዋል። እርካታ ስል ይህን የመሰለውን ማለቴ ነው።

ስለ ወጪው ግን ቁርጡን ልንገርዎ። በመጀመሪያው ዓመት ጓሮዎ አስቤዛ አይቀንስልዎትም። ዘሩ፣ ፍጉ፣ መቆፈሪያውና የውሃው ወጪ ከሚቆርጡት ቅጠል ዋጋ ጋር ቢተካከል ጥሩ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ ለወጥ የሚሆን ጎመንና ቆስጣ ከራስዎ ጓሮ መቁረጥ ይቻላል፤ ከማሳ ወጥቶ በፀሐይ ሲዞር ከዋለ ቅጠል ይልቅ አሁን የተቆረጠው እንደሚጣፍጥም ራስዎ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ጓሮውን በብር እየለኩ ከጀመሩት፣ እያንዳንዱ የደረቀ ችግኝ እንደ ኪሳራ ስለሚቆጠርብዎ ልብዎ አያርፍም። በሁለቱም ሙከራዎችዎ የሆነው ከፊሉ ይህ ይመስለኛል።

ቀሪው የአፈርና የወቅት ጉዳይ ነው። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያለው ሜዳ በአብዛኛው መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ለም ነው፤ ጤፉም፣ ሽምብራውም፣ ምስሩም የሚበቅልበት እርሱ ነው። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጥር የተከሉት የደረቀው ውሃ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ አፈሩ እየተሰነጠቀ ለጋውን ሥር ስለበጣጠሰውና ያጠጡት ውሃም በስንጥቁ ሥሩ ከማይደርስበት ጥልቀት ስለወረደ ጭምር ነው። በሐምሌ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ያበጠው አፈር ውሃ አያሳልፍም፤ ውሃው ሥር ላይ ሲቆም አየር ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ይሞታል። በዚያ ላይ ቲማቲም በክረምቱ ጭጋግና እርጥበት ቅጠሉንና ግንዱን በሚያጠቁር የሻጋታ መሰል በሽታ ይጠቃል፤ ድንችንም የሚያጠፋው ይኸው በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሐምሌ ሜዳ ላይ ቲማቲም መትከል ልምድ ላለውም ሰው አይሳካም። እንግዲህ ጥፋቱ የእጅዎ አልነበረም፤ ሁለቱም ጊዜ የተሳሳተ ወር መርጠው የዚህን አፈር መጥፎ ጠባይ ፊት ለፊት ገጠሙት።

አሸዋ ይጨመርበት የሚለው ምክር ለጥቁር አፈር የሚጎዳ ነው። ጥቂት አሸዋ ከብዙ ሸክላማ አፈር ጋር ሲደባለቅ ሸክላው በአሸዋው መካከል ገብቶ ይሞላዋል፤ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል። ለውጥ ለማምጣት የአፈሩን ግማሽና ከዚያም በላይ የሚሆን አሸዋ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በ40 ካሬ ሜትር ላይ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ይህን አፈር የሚያላላው ብስባሽ ነው፦ በደንብ የበሰለ ፍግ፣ ገለባ፣ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የደረቀ ሣር። ቁመቱም ስፋቱም ወደ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ክምር ካበጁለትና አልፎ አልፎ ከገለበጡት፣ በዚህ አየር ከሦስት እስከ አምስት ወር ውስጥ የጫካ አፈር የሚሸት ጥቁር ብስባሽ ይሆናል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይጨምሩበት፤ የሌሎችን ተክሎች እድገት የሚገቱ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ መደቡንም ከባሕር ዛፍ ያርቁት፤ ሥሩ ርቆ ሄዶ ውሃውን ይሻማልና።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህን ነው፤ ከ40 ካሬ ሜትሩ ውስጥ 6ቱን ብቻ ያልሙ። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ3 ሜትር የሆኑ፣ ከመሬት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያሉ ሁለት መደቦች ይበቃሉ። ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ ከሁለቱም ጎን ቆመው መካከሉን በእጅዎ መድረስ አለብዎት፤ መደቡ ላይ ከወጡ አፈሩን መልሰው ይጠቀጥቁታል። በመደቦቹ መካከል የሚኖረው መተላለፊያ ዝቅ ብሎ ወደ ቦታው ተዳፋት የሚፈስ ቦይ ይሁን፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚያድንዎት ይህ ቦይ ነው። ለሁለት እጅ የራስዎ አፈር አንድ እጅ ብስባሽ ቀላቅለው መደቡን ይሙሉት። ቀሪው 34 ካሬ ሜትር ሣር ሆኖ ይቆይ። የአቮካዶ ችግኝ ሊያመጡልዎ የሚፈልጉ ዘመዶች ይኖራሉ፤ ሥሩ የቆመ ውሃ ስለማይወድ በዚህ ሜዳ ላይ ገንዘብዎን አያውጡበት።

ጥቁር አፈር የሚቆፈርበት ጊዜ አጭር ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ድብልብል ያድርጉትና በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ከተፈረፈረ ይቆፈራል፤ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ሦስት አራት ቀን ይጠብቁ፤ ጨርሶ እንደ ድንጋይ ሆኖ እምቢ ካለ አልፎብዎታልና በቅድሚያ ያርጥቡት። በእርጥቡ የተቆፈረ መረሬ ጓል ሆኖ ይደርቃል፤ ያን ጓል ዓመቱን ሙሉ ሲከሰክሱት ይኖራሉ።

ውሃውን እንመዝን፤ ምክንያቱም በሰፈርዎ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እገምታለሁ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይበቃዋል። 40 ካሬ ሜትሩን ሙሉ ቢያለሙ በቀን እስከ 200 ሊትር፣ ማለትም እስከ አሥር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ያስፈልግዎት ነበር፤ በጥር ይህን ማን ይችላል? ለ6 ካሬ ሜትር ግን አንድ ጄሪካን ተኩል ይበቃል። ከጣሪያዎ የሚወርደውን የክረምት ውሃ በ1,000 ሊትር ሮቶ ቢያጠራቅሙ፣ ያ ብቻ ከአንድ ወር በላይ ያጠጣልዎታል። መደቡን በገለባ ወይም በደረቀ ሣር ካለበሱት አፈሩ አይሰነጠቅም፤ ውሃውም ይቆያል። የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ያለበትን ውሃ ቅጠሉ በሚበላ አትክልት ላይ አያፍስሱ።

የሚተከለውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት ቲማቲምና ቃሪያ ይቅሩ። በአንዱ መደብ ቆስጣና የሐበሻ ጎመን፣ በሌላው ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ሰላጣ ይሁኑ። ነጭ ሽንኩርቱ አራት አምስት ወር ስለሚቆይ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ካሮት ደግሞ ለመብቀል ብቻ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ሞቷል ብለው ተስፋ ቆርጠው አይገልብጡት። ቆስጣ ግን ቶሎ ይደርሳል፤ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ይቆረጣል። ዘሩን በመዳፍዎ ይዘው ይመልከቱት፤ ሸካራ፣ የተሸበሸበ ነገር ነው። አንድ ዘር ይመስላል እንጂ ሁለት ሦስት ዘር የተጣበቀበት እንክብል ነው፤ ስለዚህ አንዱን ከቀበሩበት ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ተቃቅፎ ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ልቡ ይራራና ሁሉንም ይተዋቸዋል፤ ሁሉም ቀጭጨው ይቀራሉ። ጠንካራውን አንዱን ትተው የቀሩትን ሳይነቅሉ በጥፍርዎ ከአፈር ላይ ይቁረጧቸው፤ የተቆረጡት ለጋዎች ለሰላጣ ይሆናሉ። በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። በሱሉልታና በሰንዳፋ ከፍታ ላይ ያሉ አንባቢዎች ከኅዳር እስከ ጥር ለሚወርደው ውርጭ ማታ ማታ በጆንያ መሸፈን ይኖርባቸዋል፤ ጎመንና ካሮት ይችሉታል፣ ሰላጣ ግን ይጎዳል።

ከሁለቱ መደቦች ጥግ ላይ ጤና አዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ይትከሉ። ብዙ ሥራ የላቸውም፤ ጥቅማቸው ግን ከሚይዙት ቦታ በላይ ነው። ቡና ሲፈላ ጎረቤት «እስቲ አንድ ዘለላ ጤና አዳም» ብሎ በሩን ያንኳኳል፤ የእርስዎም ችግኝ ሲያልቅ እርስዎ ያንኳኳሉ። በአዲስ ሰፈር፣ ሰው ከሰው ባልተዋወቀበት፣ ይህን ያህል ቶሎ የሚያቀራርብ ነገር እኔ አላየሁም። ጤና አዳሙን ሲቆርጡ ግን ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ኃይለኛ ፀሐይ ከመታው እንደ ቃጠሎ ያቆስላል።

አቃቂ ወንዝ ቅርብ ነው ብለው ውሃ እንዳይቀዱ አደራ። ትንሹም ትልቁም አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመው የሚወርዱ ናቸው፤ በእነርሱ ውሃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ከባድ ብረቶችና የአንጀት ጥገኛ ትሎች መገኘታቸው በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ትሉን ማብሰል ይገድለዋል፤ ብረቱን ግን ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም። ለክሽክሽ ደግሞ ስያሜ በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ ፀረ ተባይ አይግዙ፤ በየማለዳው ለሚያዩት 6 ካሬ ሜትር ጣትዎና ጥቂት የሳሙና ውሃ ይበቃሉ።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ በድንገት ሲነሣ ራሱን ሊያዞረው ይችላል። በታጠፈ ጆንያ ላይ ተንበርክከው ይሥሩ፤ ሲነሡ በመጀመሪያ ተቀምጠው ትንሽ ይቆዩ። ባለ ሙሉ ጄሪካን አይሸከሙ፤ በትንሽ ባልዲ ያመላልሱ። ጫማ ሳያደርጉ አይግቡ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎ ጊዜው አልፎበት እንደሆነም ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በሽታው በአፈርና በፍግ ውስጥ ባለ ተሐዋስ የሚመጣ ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ቆዳን ይጎዳልና ሥራዎን ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሱት፤ ለሁለት መደብ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ብስባሹን ዛሬውኑ መከመር ይጀምሩ፤ መደቡን በመስከረም መጨረሻ ያውጡ፤ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ይዝሩ። በታኅሣሥ መግቢያ የመጀመሪያውን ቆስጣ ሲቆርጡ ከዳር ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ይውሰዱ፣ የመካከሉን ለጋ ይተዉት፤ እስከ ክረምት ድረስ ያበላዎታል። ሦስተኛ መደብ ለመጨመር የሚያስቡት ግን ሁለቱ መደቦች ጥርንና የካቲትን ሳይጠወልጉ ካለፉ ብቻ ይሁን፤ ውሃው የሚያጥረው፣ አፈሩም ለመሰንጠቅ የሚቸኩለው በእነዚያ ሁለት ወራት ነውና።